ከኮርኒሱ በላይ ያሉት ጎረቤቶች

ሰኔ 16

ይህን ደብተር የሰጠኝ እንዳለ ነው። ወደ ጉባ ሊመለስ መኪና ላይ ሊወጣ ሲል ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ፣ «ኔትወርኩ እንደሆነ አላስወራ ብሎናል። በስልክ ያልጨረስሽውን እዚህ ላይ ጻፊው፤ ስመጣ አነበዋለሁ» አለኝ። የግድቡን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያገባች ሴት ባሏን በወር አንዴ ካየች ጥሩ ነው። እሺ አልኩት።

እንግዲህ እንዳልዬ፣ የመጀመሪያው ወሬ ይኸውልህ። ያመጣህልኝን ባለ ሽቶ ሳሙና አይጦች በሉት። የልብስ ማጠቢያው አጠገቡ ነበር፤ አልነኩትም። መምረጥ ያውቃሉ።

ዝናቡ ከጠነከረ ወዲህ ከየሜዳው ተጠራርተው ገብተዋል። ኮርኒሳችን ማዳበሪያ ስለሆነ ሲሮጡበት ወደ ታች ይረግባል፤ የት እንደደረሱ ከታች ሆኜ በጣቴ መከተል እችላለሁ። ትናንት አንዱ ከጥግ ተነስቶ መሐል ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደመጣበት ተመለሰ።

ሰኔ 19

ቸኩያለሁ። የማስተምረው የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ዛሬ ይጀመራል። ቁርስ አልወርድ አለኝ። የማንጎ ነገር ነው፤ ትናንት ከጎረቤታችን ከሐኒ ጋር ስንበላ ልክ አላወቅንም። ጫማዬ ውስጥ የአይጥ ኩስ አገኘሁ። አራግፌ አደረግሁት፤ ምን ላድርግ።

ሰኔ 25

ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣኝም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ከማንቡክ ወደ አሶሳ ተዛውረን እዚህ ግቢ ከገባን ወዲህ አንተ እዚህ ያደርክባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ጎረቤቶችህን በደንብ አታውቃቸውም።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው ክፍል የሐምዳን ነው። ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ የእዚሁ የአገሩ ልጅ፣ የበርታ ተወላጅ። ሚስቱ ሐኒ ናት። ልጃቸው ኑራ ገና መዳህ መጀመሯ ነው፤ እኔን ባየች ቁጥር ጥርስ የሌለው አፏን ከፍታ ትስቃለች። ከእነሱ ወዲያ ሲስተር ሸዋሉል አለች፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሁሉን ታያለች፣ ያየችውንም ትናገራለች። ትልቁ ቤት ውስጥ ደግሞ አከራያችን ጋሽ ካሣዬ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እኔ ከኮምቦልቻ መሆኔን ከሰሙ ጀምሮ «ያገሬ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ከሌላው ተለይቼ የምጠራ መሆኔ ደስ ይለኛል፤ መናገር የምፈልገውን ግን ጉሮሮዬ ላይ ያስቀርብኛል።

ዛሬ ግን ስለ አይጦቹ ነገርኳቸው። ከእህል ጎተራቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ዝናቡን ያያሉ።

«ያገሬ ልጅ፣» አሉኝ፣ «እኛ ከአገር ስንነሳ ቤታችን ውስጥ አንዲት አይጥ አልነበረችም። የሚበላ ሲጠፋ ጥላን ሄዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ኮሽታቸውን ስሰማ፣ ተመስገን፣ ቤቴ እህል አለ እላለሁ።»

«እውነት ነው» ብዬ ተመለስኩ። ክፍሌ ስገባ ነው የተናደድኩት። የእሳቸው እህል፣ የእኔ ሳሙና።

ጥሬ ማንጎ በሚጥሚጣ በላሁ። አሁን ደህና ነኝ።

ሐምሌ 2

ኑራን አይጥ ነከሳት።

ንጋት ላይ ነው። የሐኒን ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። የልጅቷ የትንሿ ጣቷ ጫፍ ደምቷል። ሸዋሉል በሌሊት ልብሷ መጥታ በሳሙናና በውሃ ደጋግማ አጠበችላት፤ ከዚያ ጠቅልላ ይዛት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐምዳን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቁጣውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣ ይመስል እጁን ይዘረጋል ያጥፋል።

«መምህርት፣» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው፣ «እኔ ይሄ ቤት ጉድጓድ ስንት ጊዜ ደፈነው። በጨርቅ ደፈነው፣ በጭቃ ደፈነው። ሁለተኛ ቀን ሌላ በር ይከፍታል። ወላሂ፣ አይጡ ከእኔ የበለጠ ግንበኛ ነው።»

ልጅቷ ደህና ናት። መርፌ ተወግታ ተመልሳ መጥታ አሁን ክፍላቸው ውስጥ በታሸገች ጣቷ እየጠቆመች ትስቃለች። ሰኔ 25 ቀን «እውነት ነው» ብዬ ባልመለስ ኖሮ?

ሐምሌ 3

ሁላችንም አብረን ጋሽ ካሣዬ ዘንድ ሄድን። ስለ ኑራ ሲሰሙ ደነገጡ፤ ከልባቸው ነው፣ ፊታቸው ተለዋወጠ። ባለሙያ ያስመጡልን፣ ኮርኒሱ ይቀየር፣ የእህል ጎተራው ከመኖሪያ ክፍሎቹ ይራቅ አልናቸው። ወዲያው ቀዘቀዙ።

«ድመት ነው የሚያስፈልገን» አሉ።

ሸዋሉል፣ «ጋሼ፣ የከተማው ደንብ እኮ ቤቱን ከተባይ መጠበቅ የአከራይ ግዴታ ነው ይላል» አለቻቸው።

«ደንቡን ያወጣው ሰው ቤት ሠርቶ ያውቃል?»

ድመቷ ነገ ትመጣለች።

ሐምሌ 11

ድመቷ ወፍራም ናት። እንደመጣች አይጦቹ ለሁለት ቀን ጸጥ አሉ፤ እኛም ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን የጋሽ ካሣዬን ጫጩቶች በላች። አሳደዷት። አጥሩ ላይ ወጥታ አፏን እየላሰች ታያቸው ነበር። ሐምዳን ስፌቱን ትቶ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔም ስቄ ስቄ ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በድንገት ሳቄን አቆምኩ። እንዲህ መሳቅ ጥሩ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

እንዳለ ዛሬ ደወለ። «ድምፅሽ ተለውጧል» አለኝ። ኔትወርኩ ነው አልኩት።

ሐምሌ 17

ጋሽ ካሣዬ ከገበያ ስሙ ያልተጻፈበት መርዝ ገዝተው በማሽላ ለውሰው ግቢውን ዘርተውበታል። ለማንም ሳይናገሩ። አውራ ዶሯቸው ሞተ። አይጦቹ ግን ዛሬም ኮርኒሱ ላይ ናቸው፤ እንዲያውም አዳዲስ እንግዶች የመጡላቸው ይመስላል።

ሸዋሉል ጓንት አጥልቃ ማሽላውን አንድ በአንድ ለቀመች። ኑራ የምትድህበት መሬት ነው። ጋሽ ካሣዬ ዶሮውን ይዘው ቆመው እንደ ተማሪ ቁጣዋን ተቀበሉ። «አላሰብኩትም» ነው ያሉት፤ ደግመው ደጋግመው።

ሽታው ይሁን ምን፣ እኔ አጥሩ ሥር ሄጄ አስመለሰኝ። ቀና ስል ሸዋሉል አጠገቤ ቆማለች።

«ሕብረት፣ ከዚህ በፊት ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኳት።

እውነት ነው። ማንቡክ ላይ የሆነው መውለድ አይባልም።

ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ማታ ግን የገብስ ሾርባ በክዳን አምጥታ በሬ ላይ አስቀመጠች። «ነገ ጤና ጣቢያ ብቅ በዪ፣ እኔ ነኝ ተረኛዋ» ብላ ሄደች።

እንዳለ፣ ይህን ገጽ አታንብብ። ወይም ሳትመጣ እቀደዋለሁ።

ሐምሌ 18

ሄድኩ። ሸዋሉል የነገረችኝን አልጽፍም።

ሐምሌ 24

አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ፤ ተቀምጬ ኮርኒስ ማዳመጥ አልቻልኩም። ሐምዳን ገበያ ውስጥ ደንበኞቹን ሲጠይቅ የማይቸገር ተከራይ አጣ። አንዷ ትኋን ልጆቿን አላስተኛ ብሏታል፤ አንዱ አስተማሪ በረሮ ከማስታወሻው ጋር ክፍል ድረስ ተከትሎት መጥቷል። ሁሉም ለየብቻው አከራዩን ለምኖ፣ ለየብቻው «ካልተስማማህ ልቀቅ» ተብሏል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሐምዳን ስፌት ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። የከተማው ምክር ቤት አባል ወይዘሮ ቃናኒን ጋብዘናት ነበር፤ ትመጣለች ብለን አላሰብንም። ከባምባሲ የመጣች ነጋዴ ናት፤ ዣንጥላዋን በር ላይ አራግፋ ገባችና የስፌት መኪናው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኛ ሳንጀምር፣

«አይጡን አሳዩኝ» አለች።

ሳቅን። አልሳቀችም። ግቢያችን ድረስ መጣች። የኑራን ጣት አየች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ኮርኒሱን ጠበቀች። አይጦቹም አላሳፈሩንም፤ በቀን ብርሃን ሰልፍ ወጡ።

«ደንቡ ላይ ያለውን ግዴታ የጻፍነው እኛ ነን» አለች ስትወጣ። «ማን ይከታተለው፣ ያልፈጸመው ምን ይሁን የሚለውን አልጻፍንም። ያ ነው የጎደለው። ምክር ቤቱ ከመሰብሰቡ በፊት የሕዝብ መድረክ አለን። እንደዛሬው ተሰብስባችሁ ኑ። አከራዮቹም ይመጣሉ። ፊት ለፊት ተናገሩ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አስተማሪ ስለሆንኩ።

ሐምሌ 28

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሸዋሉል ትናገር፤ ምላሷ የተሳለ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ጋሽ ካሣዬን ልክሰስ? ትናንት እንኳ አንድ እቅፍ በቆሎ እሸት በር ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር። ጠብሼ በላሁት። ጣፋጭ ነው። በላሁት ብዬ ራሴን ወቀስኩ፤ ወቅሼ ስጨርስ ሁለተኛውን በላሁ።

አሁን አሁን ሁልጊዜ ይርበኛል።

ነሐሴ 1

ጋሽ ካሣዬ ሰምተዋል። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ለምክር ቤት ልትከሽኝ ነው አሉ።»

«ልከስዎት አይደለም ጋሼ። ደንቡ ይፈጸም ልንል ነው።»

«እኔ ያገሬ ልጅ ያልኩሽ ሰውዬ?»

«ያገሬ ሰው ስለሆኑ ነው ያን ቀን «እውነት ነው» ብዬ ዝም ያልኩት። ዝም ባልል የኑራ ጣት ላይነከስ ይችል ነበር።»

ከአፌ ሲወጣ ነው እውነት መሆኑን ያወቅሁት። ቆባቸውን አስተካክለው ወደ ጎተራቸው ሄዱ። ዛሬ ጠዋት በሬ ላይ እሸት አልነበረም። ይገባኛል። ግን ደግሞ ቀለል ብሎኛል፤ ጉሮሮዬ ላይ የነበረው ነገር ወጥቷል።

ሐኒ ወገቧን ይዛ፣ «አንቺ ወፍረሻል» አለችኝ። በቆሎ ነው አልኳት። «በቆሎ እግር አለው?» ብላ ሳቀች።

ነሐሴ 5

ነገ ነው መድረኩ። የምለውን በልቤ ደጋገምኩት፤ ሲጀመር ደህና ነው፣ መጨረሻው ይጠፋብኛል። ከእንዳለ ጋር ኔትወርክ የለም። ቢኖርስ ምን እለዋለሁ? ሦስተኛው ወር ይለፍ ብዬ ነበር። አለፈ። አሁን ደግሞ አራተኛው ይለፍ እላለሁ። ከጻፍኩት ይሰማብኝና ይሄድብኛል የሚል ነገር አለ በውስጤ። አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ማሰቤ ያሳፍራል። ሸዋሉል ግን፣ «ሁሉም ደህና ነው። ፈርተሽ ያዳንሽው ነገር የለም፤ ደስ ብሎሽም የምታጠፊው የለም» ብላኛለች።

ነሐሴ 6

ጻፍ ጻፍ ይለኛል። እጄ ፈጥኖልኝ አያውቅም እንደዛሬ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መድረኩ ለጊዜው ቆሞ ሰው ሁሉ ተጨዋወተ። ተከራዮች በግራ፣ አከራዮች በቀኝ ተቀምጠናል፤ ማንም ሳያዘን። ጋሽ ካሣዬ ከፊት ወንበር ላይ ንጹሕ ኮታቸውን ለብሰው ነበር። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

መጀመሪያ የተነሳው ሐምዳን ነው። ኑራን አቅፏት ነበር።

«እኔ አማርኛ ብዙ የለም» አለ። «ግን ልጅ ጣት ሁሉ ቋንቋ ውስጥ አንድ ነው። እኔ ኪራይ እከፍላለሁ፣ ታች እተኛለሁ። አይጥ አይከፍልም፣ ላይ ይተኛል። ማን ነው ተከራይ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ በቀኝ በኩል የተቀመጡት ሳይቀሩ። ኑራም አባቷ የተናገረው የገባት ይመስል አጨበጨበች።

ከዚያ ጋሽ ካሣዬ ተነሱ።

«ልጅቷ የተነከሰችው እኔ ግቢ ነው» አሉ። «አልክድም። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። እኔ ባለሙያ አምጥቼ ግቢዬን አጸዳሁ እንበል። አጥሬ ቀርከሃ ነው። ጎረቤቴ ያሉት አይጦች ቤቱ ተለቀቀ ብለው በማግስቱ ይገባሉ። ብቻዬን ላደርገው ፈርቼ ነው እንጂ ስለማይገባኝ አይደለም። ግዴታ ነው ካላችሁ የሁላችንም ግዴታ ይሁን። በአንድ ቀን ይሁን።»

እኔ ስንት ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ተነሳሁና ሁሉም ጠፋኝ። «ጋሽ ካሣዬ ልክ ናቸው» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው ዞረው አዩኝ። «ስንፈልገው የነበረው ይኸው ነው። ደንቡ በወረቀት ላይ ብቻ ሲሆን ጥሩውን አከራይ ብቻውን ያስቀረዋል። የሚከታተል ሰው ይመደብ፤ ሰፈር በሰፈር በአንድ ጊዜ ይሠራ፤ ያልፈጸመ ይጠየቅ። የምንለምነው ይህንኑ ነው።»

ለመቀመጥ ጎንበስ ስል አንድ የማላውቀው ሰውዬ ከቀኝ በኩል ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አስተማሪዋ ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ዝውውር ሞልታ ወደ አገሯ ትሄዳለች። ተከራይ አላፊ ነው። ለአላፊ ሰው ብለን ነው ቤታችንን የምናፈርሰው?»

ተመልሼ ቀና አልኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም።

«አልሄድም» አልኩት። «ጥር ላይ እወልዳለሁ። ልጄ የሚወለደው እዚህ አሶሳ ነው። የሚገባውም ከዚያ ኮርኒስ ሥር ነው። ለእሱ ወይም ለእሷ አገሩ ይኸው ነው።»

እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ቆሟል፣ የምመልስበት መንገድ የለም። ከዚያ ከኋላ ሸዋሉል እልል አለች። ሐኒ ተቀበለቻት። ከዚያ አላውቅም፤ ከግራም ከቀኝም እልልታ ሆነ። ያ ሰውዬ ራሱ ተነስቶ፣ «በሰላም ተገላገዪ» ብሎ ተቀመጠ። ወይዘሮ ቃናኒ ጠረጴዛውን ብትመታ ብትመታ የሚሰማት አጣች፤ በኋላ እሷም ስቃ ተወችው።

ጋሽ ካሣዬ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ከዚያ መርዝ አጠገብ ነበርሽ?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ወደ ቤት ስንመለስ ሐምዳን ባጃጅ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጮሃል፦ «እንዳለ! መብሩክ! ጥር! ጥር ነው አልኩህ!» ለሳምንታት አልሠራ ያለው ኔትወርክ ለሐምዳን ሠራ።

ነሐሴ 8

እንዳለ መጣ። በሲሚንቶ መኪና ተጭኖ፣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ነው የገባው። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ እውነት ይሆናል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ እንደ ማንቡኩ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

«ማንቡክ ላይ የሆነውንም ብቻሽን ነበር የያዝሽው» አለኝ። «እኔም እኮ አዝኜ ነበር ሕብረት። አልጠየቅሽኝም እንጂ።»

አልጠየቅሁትም። እውነቱን ነው። ያኔ እሱ ሲሠራ ውሎ ሲመጣ ቶሎ የረሳ ነበር የሚመስለኝ።

ደብተሩን ሰጠሁት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው አነበበ። ስለ ድመቷ ሲደርስ ሳቀ። ሐምሌ 17 ላይ ሲደርስ ሳቁን አቆመ። አልቀደድኩትም ነበር። ሲጨርስ እንባው ጉንጩ ላይ ባለው ሲሚንቶ ሁለት መስመር ሠርቶ ነበር።

ነሐሴ 22

ምክር ቤቱ አጸደቀው። ወይዘሮ ቃናኒ እራሷ ስልክ ደወለችልኝ። አከራዮች ኃላፊነታቸውን የሚወጡበት ቀን ተወስኗል፤ ሰፈር በሰፈር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ባለሙያ ይመደባል፤ ከዚያም የሚዞርና የሚያይ ሰው። አላደርግም ያለ ይጠየቃል። ስለ ተከራይም አንድ ነገር ጨምረዋል፦ ቆሻሻውን ከድኖ እንዲይዝ፣ ምግብ ክፍት እንዳይተው። አይከፋኝም። ጥርጊያ ላይ የማንጎ ልጣጭ የምጥለው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው የእኛ ሰፈር ነው። ለምን ብላት፣ «ጋሽ ካሣዬ ቢሮዬ በር ላይ ተቀምጠው አልነሳ አሉ» አለችኝ።

ጳጉሜ 2

ቀኑን ሙሉ ስለሠራን ደክሞኛል፤ በአጭሩ።

ዝናቡ አዘነልን፣ ፀሐይ ወጣች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍራሹን፣ አልጋውን፣ ድስቱን ደጅ አወጣ። መንገዱ ገበያ መሰለ። ሰው ሁሉ የሰው ዕቃ እያየ ይተቻል። ኮርኒሱ ሲቀደድ አንድ ክረምት ሙሉ የተሰበሰበ ጎጆ ወረደ፦ የሐምዳን ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የሸዋሉል ጥጥ፣ የእኔ የፈተና ወረቀት፣ ከጋሽ ካሣዬ ብርድ ልብስ የተነቀለ ጠጉር። «እኛ ሳንስማማ እነሱ ከሁላችንም አዋጥተው ቤት ሠሩ» አለ ሐምዳን።

ባለሙያዎቹ ወጥመዱንና መድኃኒቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ልጅም ዶሮም አይደርስበትም። ጋሽ ካሣዬ እህላቸውን በቆርቆሮ በርሜል አድርገው ወደ ግቢው ጀርባ ወሰዱ። እኔ እንዳልሸከም ያልከለከለኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ኑራን ያዝኩ። ጣቷ ድኗል። አፍንጫዬን በእሱ ይዛ አልለቅም አለች።

መስከረም 3

አዲስ ዓመትን እንዳለ እዚህ አከበረ። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በላሜራ ገጠመው። ኮርኒሱ አሁን ጣውላ ነው። ጋሽ ካሣዬ ኮርኒሱን የሠራውን አናጢ አልጋው ላይ አስወጥተው ጥጉን በባትሪ ሲያሳዩት ዋሉ።

ጸጥታው መጀመሪያ አላስተኛኝም ነበር። አሁን ለመድኩት።

መስከረም 11

ተቆጣጣሪዎቹ ዛሬ መጡ። ግቢያችን ምንም አልተገኘበትም። ጋሽ ካሣዬ ግን አልበቃቸውም፤ ኮታቸውን ለብሰው ተከተሏቸው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አብሬ ቆምኩ። የዚያ በአዳራሹ «ተከራይ አላፊ ነው» ያለው ሰውዬ ግቢ በር ላይ ነበርን። ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

«ወንድሜ፣» ይሉታል ጋሽ ካሣዬ፣ «የአንተ አይጥ ነገ የእኔ እንግዳ ነው። ግዴታ ግዴታ ነው። ልጅ ያለበት ሰፈር ነው።»

ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ነው። ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ፣ ከውስጥ፣ አንድ ነገር መታ አደረገኝ። ምሳ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ደገመኝ። የምግብ አይደለም፣ የማንጎም የበቆሎም አይደለም። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

እንዳለ ጉባ ነው። ሸዋሉል ጤና ጣቢያ ናት። አጠገቤ ያለው ሰው ጋሽ ካሣዬ ብቻ ናቸው። እጅጌያቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ተንቀሳቀሰ።»

ክርክራቸውን ተዉት። ጋሽ ካሣዬ ቆባቸውን አወለቁ፣ ወደ ሆዴ ጎንበስ አሉና ለሽማግሌ እንግዳ እንደሚናገሩ በቀስታ፣

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ወይ መጣሽ» አሉ። «አከራይህ ነኝ። ግዴታዬን አውቃለሁ።»